ባላባትና ሹመት በሰሜን ሸዋ

ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብትጓዙ ደብረ ብርሃን ትደርሳላችሁ። ከዚያም ወደ ምሥራቅ ታጥፋችሁ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትቀጥሉ ደጋው ድንገት ይቆረጥና በገደሉ አፋፍ ላይ አንኮበርን ታገኛላችሁ። በስተኋላችሁ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት ብርዳም ሜዳ ይቀራል፤ በፊታችሁ ደግሞ የይፋት ቆላ ቁልቁል እስከ አዋሽ በረሃ ድረስ ሲወርድ ይታያል።

በዚያ አፋፍ ላይ አንድ ዕድሜ የጠገቡ ሽማግሌ አግኝታችሁ፣ «አባባ፣ ይህ መሬት ድሮ የማን ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሳቸው አንድ ላይሆን ይችላል። በመጀመሪያ «የእነ እገሌ ርስት ነው» ይሏችሁ ይሆናል። ጥቂት ቆይተውም «የደጃዝማች እገሌ ጉልት ነበር» ይላሉ። ሽማግሌው አልተሳሳቱም፤ አልዋሹምም። በቀድሞው ሥርዓት አንድ መሬት ሁለት ጌታ ነበረው። የዚህን ነገር ምሥጢር ያልተረዳ ሰው የአገራችንን የባላባት ኑሮ ሊረዳ አይችልም። እኛም ነገሩን ከቃላቱ ተነሥተን እንመርምረው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በስተቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

«ርስት» የሚለው ቃል «ወረሰ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ርስት አንድ ሰው ከአባቱ ወይም ከእናቱ የሚወርሰው መሬት ነው። ገበሬው የሚያርሰውና ጎጆውን የሚቀልስበት፣ ለልጆቹም የሚያስተላልፈው ይህ ነው። «ጉልት» ግን ሌላ ነው። ይህ ቃል «ጎለተ» ማለትም አስቀመጠ፣ ተከለ ከሚለው ግሥ ይወጣል፤ ድስት ከሚጣድበት ከጉልቻ ጋር የአንድ ግንድ ልጅ ነው። ጉልት ንጉሥ ለሹም ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው መብት ሲሆን፣ መብቱም በመሬቱ ላይ የሚኖረውን ሕዝብ የማስገበርና የመዳኘት ነው። እንግዲህ ባለጉልቱ አፈሩን አልያዘም፤ የያዘው አራሹን ነው። ገበሬው በበኩሉ አፈሩን ይዟል፤ ከአፈሩ የሚያፈራውን ግን ሁሉንም አልያዘም።

«ባላባት» የሚለውንም ቃል ብትከፍሉት «ባለ» እና «አባት» ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ባለ አባት፣ አባቱ የታወቀ ማለት ነው። ማን አባት የሌለው ሰው አለ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ነገር ግን በዚህ ቃል ውስጥ «አባት» የተባለው ወላጁ ብቻ ሳይሆን መሬቱን በመጀመሪያ ያቀናው የሩቅ አባት ነው። መንዝን ተመልከቱ። የመንዝ ምድር ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈላል። በአካባቢው አፈ ታሪክ መሠረት ማማ፣ ላሎና ጌራ አገሩን ያቀኑ ሰዎች ስሞች ናቸው። ከእነዚህ አባቶች ወደ አንዱ የዘር ሐረጉን ቆጥሮ ለመድረስ የቻለ ሰው መሬት የመጠየቅ መብት አለው። ያልቻለ ግን የሌላ ሰው መሬት ላይ ጭስ የሚያጨስ ጭሰኛ ይሆናል። ቃሉ ራሱ እንደሚነግረን፣ የጭሰኛው ድርሻ ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ነው።

የሸዋ ነገሥታት ቤትም የተነሣው ከዚሁ ከመንዝ የባላባት ኑሮ ነው። አቤቶ ነጋሲ ክርስቶስ ወረደ ቃል በመንዝ ውስጥ ከአጋንቻ የተነሡ ባላባት ሲሆኑ፣ ከዐፄ ልብነ ድንግል ዘር ነን ይሉ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በዙሪያቸው ያሉትን ባላባቶች አስገብረው የሸዋን ግዛት መሠረቱ። ተከታዮቻቸውም ደረጃ በደረጃ ከደጋው ወደ አፋፉ፣ ከአፋፉም ወደ ቆላው እየገፉ መጡ፤ አንኮበርም የግዛቱ ዋና ከተማ ሆነች። የማዕርጋቸውን አካሄድ ብቻ ብትከተሉ የቤቱን ዕድገት ታያላችሁ፦ ነጋሲ «አቤቶ» ነበሩ፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት «መርዕድ አዝማች» ተባሉ፤ ወሰን ሰገድ «ራስ» የሚለውን ማዕርግ ያዙ፤ ልጃቸው ሣህለ ሥላሴ ደግሞ (ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. የገዙት) «ንጉሥ» ተባሉ። አንድ የገጠር ባላባት ቤት በመቶ ዓመት ተኩል ውስጥ ዘውድ ደረሰ።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1833 ዓ.ም.፣ በካፒቴን ዊልያም ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ሸዋ መጣ፤ በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። እነዚህ እንግዶች በአገራቸውም ባላባት ያውቁ ነበር። የእንግሊዝ የገጠር ባለርስት በአውራጃው ውስጥ ያለ ደመወዝ ዳኛ ሆኖ ይፈርዳል፤ መንገድና ድልድይ እንዲጠገን ያዛል፤ ዕድል ከቀናውም አውራጃውን ወክሎ በለንደን ፓርላማ ውስጥ ይቀመጣል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1711 ዓ.ም. የወጣ ሕግ አውራጃን ወክሎ ለመመረጥ የሚፈልግ ሰው ከመሬቱ በዓመት 600 ፓውንድ ገቢ ያለው እንዲሆን ያስገድድ ነበር። ይህም ሕግ እስከ 1858 ድረስ ጸንቶ ቆይቷል።

የሁለቱ አገሮች ባላባቶች በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በሥር ግን ይለያያሉ። የእንግሊዙ ባለርስት ሲሞት መሬቱ ሳይቆረስ ለበኵር ልጁ ያልፋል። ታናናሾቹ ወንድሞች ወታደር ወይም ካህን ይሆናሉ፤ እኅቶቻቸው ጥሎሽ ይዘው ይዳራሉ። ከዚህም የተነሣ አንድ ቤት በአንድ ቦታ ላይ ሦስት መቶ ዓመት ሊቀመጥ፣ ከአባት ወደ ልጅም የፓርላማውን ወንበር ሊያወርስ ይችል ነበር። በእኛ አገር የርስት ልማድ ግን ልጆች ሁሉ ይካፈላሉ። ወንዱም ሴቷም፣ በኵሩም የመጨረሻውም ድርሻ አላቸው። ይህ በበጎ ሊታይ የሚገባው ልማድ ነው፤ በተለይ ሴት ልጅ በስሟ መሬት መያዟ በብዙ አገሮች ዘንድ ያልነበረ ነገር ነው። ነገር ግን ውጤቱን አስቡት። አምስት ልጆች ያሉት ባላባት ሲሞት ርስቱ አምስት ቦታ ይቆረሳል፤ የልጅ ልጆቹ ዘመን ሲደርስ ደግሞ የእያንዳንዱ ድርሻ ከጎረቤት ገበሬ ማሳ እምብዛም አይበልጥም። እንግዲያው የሸዋ ባላባት በርስቱ ብቻ ባላባት ሆኖ ሊዘልቅ አይችልም ነበር። ክብሩን ለመጠበቅ ሌላ ነገር ያስፈልገዋል፤ እርሱም ሹመት ነው።

የሹመት መሰላል ከታች የሚጀምረው በጭቃ ሹም ነው። ስሙ ራሱ ይህ ሹም ከአፈሩ ያልራቀ መሆኑን ይናገራል። ጭቃ ሹም ከገበሬዎቹ አንዱ ነው፤ እንደ እነርሱ ያርሳል። በብዙ ቦታም ሹመቱ በባለርስቶቹ መካከል በየተራ ይዞር ነበር። ግብር ያሰባስባል፤ ለሥራ የሚፈለገውን ሰው ይጠራል፤ ትንንሹን ክርክር ያያል። ከእርሱ በላይ መልከኛው አለ። መልከኛው ራሱ በቦታው ላይ ሊኖር ወይም በጌታው ስም ሊያዝ ይችላል። ዋናው ገዥ ደጃዝማች ወይም ራስ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በንጉሡ አደባባይ እንጂ በግዛቱ አይደለም፤ ስለዚህ ምስለኔ ያስቀምጣል። «ምስለኔ» ማለት «ምስለ እኔ»፣ እንደ እኔ ማለት ነው። አንድ ሰው በሌላ ሰው ቦታ ተቀምጦ «እኔን እርሱ አድርጋችሁ ቁጠሩኝ» የሚልበትን ሹመት ከዚህ ባጠረ ቃል መግለጽ የሚቻል አይመስለኝም።

አሁን ወደ ባለጉልቱ ግቢ እንግባ። ሰፊ አጥር፣ አዳራሽ፣ እልፍኝ፣ የፈረስና የበቅሎ ጋጣ ይታያችኋል። ከደጁ የእህል ጭነት የያዙ አህዮች ቆመዋል። ገባሮች ከምርታቸው የተወሰነውን እጅ፣ ከማሩ ጉንዶውን፣ ከበጉ ሙክቱን አምጥተዋል። ይህ በዕቃ የሚከፈለው ነው። በጉልበት የሚከፈለው ደግሞ ከዚህ ባልተናነሰ ይከብዳል። ገባሩ በተወሰኑት ቀናት የራሱን ማሳ ትቶ የጌታውን ሁዳድ ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል። አጥር ያጥራል፤ ቤት ይሠራል፤ እንጨት ይሸከማል። ጌታው ሲዘምት ስንቁን ያጓጉዛል። ሚስቱ ለጌታው ቤት እህል ትፈጫለች። የደጋ ክረምት አጭር የዝናብ ፋታ ስላለው፣ ለእርሻ የተመቸው ቀን ለሁዳዱ ከዋለ የገበሬው ማሳ ይዘገያል። የዘገየ ዘር ደግሞ ውርጭ ይመታዋል። የደብረ ብርሃንን የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት የሚያውቅ ተማሪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ልብ እንድትሉ እፈልጋለሁ። ገባሩ ለጌታው የሚያስገባው እህል «ግብር» ይባላል። ጌታው በአዳራሹ አሽከሮቹንና እንግዶቹን ሰብስቦ የሚያበላው ግብዣም «ግብር» ይባላል። ሰው «ግብር ገባ» ሲባል እንደ ነገሩ ሁኔታ ወይ ከፍሏል፣ ወይ ጠግቧል። ሁለቱ በአንድ ቃል መጠራታቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ በአንደኛው ትርጉም የገባው እህል በሁለተኛው ትርጉም የሚበላው እንጀራና የሚጠጣው ጠላ ነውና። ባላባቱ እህሉን አከማችቶ ሸጦ መበልጸግ ብዙም አልለመደም። ክብሩ የሚለካው ከማዕዱ ዙሪያ በሚቀመጠው ሰው ብዛት ነው፤ የጠገበው አሽከርም በጦርነት ቀን ጋሻ ጃግሬ ሆኖ ይከተለዋል፤ የተከታዩ ብዛት ደግሞ በንጉሡ ፊት ለሌላ ሹመት ያሳጨዋል። እህል ሰው ያፈራል፤ ሰው ሹመት ያመጣል፤ ሹመት እህል ያስገባል። ባላባቱ በዚህ ክብ ውስጥ ይሽከረከራል። ገባሩ ግን ክቡን በጀርባው ተሸክሞት ይኖራል።

ባለጉልቱ ዳኛም ነው። የርስት ሙግት በሸዋ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የተለመደው ክርክር ነበር፤ በርስትና በሚስት ቀልድ የለም ይባል የለም? ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛው ፊት ቆመው፣ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ የአያት የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ይቆጥራሉ፤ በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳሉ። ከንግግሩ ማማር የተነሣ ተመልካቹ ሥራውን ፈትቶ ይሰማል። አማርኛችን የተከራካሪ ቋንቋ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። በሁለት ገበሬዎች መካከል ለሚነሣ ክርክር ይህ ችሎት ብዙ ጊዜ ይበጃል፤ ዳኛው የአካባቢውን ነገር ያውቃልና። ገባሩ በደል የደረሰበት ከራሱ ከምስለኔው ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ከሳሹ ተከሳሹ ወደ ተቀመጠበት ችሎት ሄዶ አቤት ሊል ነው። ከዚያ በላይ ልሂድ ካለ ስንቁን በአገልግል ቋጥሮ ወደ ገዥው፣ ከገዥውም ወደ ንጉሡ መጓዝና ከደጅ ቆሞ «አቤት! አቤት!» እያለ መጮኽ አለበት። ንጉሡ የሰሙትና የተፈረደለት ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። ነገር ግን ስንቱ ገበሬ በእርሻ ወራት ሞፈሩን ሰቅሎ ይህን ሊያደርግ ይችላል?

ስለ ባላባቱ ኃይል ይህን ያህል ከተናገርን፣ ስለ ፍርሃቱም መናገር ይገባናል። ጉልት ከሹመት ጋር ይመጣል፤ ከሹመትም ጋር ይሄዳል። ንጉሡ የሰጠውን ንጉሡ ይነሣል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ብዙውን ጊዜ እንደ ስግብግብነት ትምህርት ይጠቀሳል፤ እኔ ግን የፍርሃት ንግግር ሆኖ ይሰማኛል። በነገ የማይተማመን ሹም ዛሬን ከገባሩ ላይ ይሰበስባል። ገባሩም በበኩሉ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል። ጉልትና ጉልቻ የአንድ ግንድ ልጆች መሆናቸውን ስታስታውሱ የተረቱ ነገር ይበልጥ ይገባችኋል።

የሹመትን አለመጽናት በታሪክ ለማየት ብዙ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ባስገበሩ ጊዜ ልጅ ምኒልክን ይዘው ወደ ሰሜን ሄዱ፤ የሸዋንም ግዛት ለሹሞቻቸው ሰጡ። ከእነርሱም አንዱ አቶ በዛብህ ነበር። («አቶ» በዚያ ዘመን በሸዋ የትልቅ ሰው ማዕርግ እንጂ እንደ ዛሬው ለማንም የሚሰጥ መጠሪያ አለመሆኑን እግረ መንገዳችሁን አስታውሱ።) አቶ በዛብህ የተሰጠውን ግዛት የራሱ አድርጎ በሾሙት ንጉሠ ነገሥት ላይ ሸፈተ። ይሁን እንጂ በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ሲገቡ የአባታቸው አገር ሰው ወደ እርሳቸው አዘነበለ፤ በዛብህም ጋዲሎ ላይ ድል ሆነ፤ ምኒልክ አንኮበር ገቡ። ያን ዕለት በዛብህ ያጣው አንድ ውጊያ ብቻ አልነበረም፤ ሹመቱ፣ ጉልቱና ተከታዩ በአንድ ቀን ሄዱ።

ሹመት ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርግና ከልጅ ምን ያህል እንደሚርቅ ደግሞ ከአንኮበር አጠገብ በተወለደ በሌላ ሰው ሕይወት እንይ። ልዑል ራስ መኰንን ግንቦት 1 ቀን 1844 ዓ.ም. በአንኮበር አቅራቢያ በደረፎ ማርያም ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል የዶባ ባላባት ነበሩ፤ እናታቸው ወይዘሮ ተናኘ ወርቅ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸው። እንዲህ ያለ ትውልድ ያለው ልጅ በአባቱ ርስት ላይ ተቀምጦ ሊኖር ይችል ነበር። ይሁን እንጂ አባትዮው የዘመኑን ነገር ያውቁ ነበርና ልጃቸውን በ14 ዓመቱ ገደማ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ወሰዱት። ሹመት የሚገኘው ከማሳ ሳይሆን ከአደባባይ ነው።

ምኒልክ በጥር ወር 1879 ዓ.ም. ሐረርን ሲይዙ አገሩን እንዲገዙ የተሾሙት መኰንን ናቸው። በ1881 ዓ.ም. ወደ ኢጣልያ መልእክተኛ ሆነው ሄዱ፤ በኋላም የራስነት ማዕርግ ተሰጣቸው። በ1888 ዓ.ም. በአምባላጌና በዐድዋ ዘመቱ። በ1894 ዓ.ም. ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ ሲጭኑ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው እንግሊዝ አገር ገቡ፤ የአንኮበር አፋፍ ልጅ የእንግሊዝ ባለርስቶች በተሰበሰቡበት ከተማ በእንግድነት ተቀበሉት። መጋቢት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ሲሞቱም 19 ዓመት ያህል ሐረርን ገዝተው ነበር።

መኰንን የእንግሊዝ ባላባት ቢሆኑ ኖሮ ቦታቸው በውርስ ለልጃቸው ባለፈ ነበር። በእኛ አገር ግን ሐረር የንጉሠ ነገሥቱ ስጦታ እንጂ የመኰንን ርስት አልነበረችም። ግዛቱ በመጀመሪያ ለታላቁ ልጅ ለደጃዝማች ይልማ ተሰጠ። እርሳቸው ብዙ ሳይቆዩ ሲሞቱ ለታናሹ ለተፈሪ አልተላለፈም፤ ለሌላ ሰው፣ ለደጃዝማች ባልቻ ተሰጠ። ለወጣቱ ተፈሪ በስም የተሰጠው የሰላሌ ግዛት ሲሆን፣ እርሱ ራሱ በአዲስ አበባ ትምህርቱን ይከታተል ነበር። ሐረርን ያገኘው ከአባቱ ሞት አራት ዓመት በኋላ፣ በ1902 ዓ.ም.፣ በአዲስ ሹመት ነው። ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብሎ የነገሠው ሰው የአባቱን አገር እንኳ ደጅ ጠንቶ አገኘ።

በምኒልክ ዘመን የብዙ ሸዋ ባላባቶች ልጆች እንደ መኰንን ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ሄደዋል። በትውልድ ቀያቸው ርስቱ ተቆራርሶ ስላነሳቸው በሄዱበት አገር መልከኛ ሆኑ። በዚያም የነዋሪው መሬት ተወስዶ ለሹምና ለወታደር ተከፋፈለ፤ የገባሩም ሸክም ከሸዋው ይልቅ ከበደ። «ባላባት» የሚለው ቃል እንኳ በደቡብ ትርጉሙን ለውጦ፣ ከመሬቱ ሲሶው የተተወለትን የአገሬውን አለቃ ማመልከት ጀመረ። ይህ ራሱን የቻለ ሰፊ ታሪክ ስለሆነ እዚህ ላይ ትተነው ወደ ሰሜን ሸዋ እንመለስ።

የባላባቱ ሥልጣን ቀስ በቀስ መሸርሸር የጀመረው ከላይ ነው። ወታደሩ በገባር ቤት እየገባ መብላቱን ለማስቀረት ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. አሥራት፣ ማለትም ከምርት አንድ አሥረኛው እንዲከፈል ደነገጉ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የኢጣልያ ወረራ ዘመን ከሰሜን ሸዋ ባላባትም ገባርም በአንድ ላይ ጫካ ገብቶ ተዋጋ፤ ራስ አበበ አረጋይም ከመሪዎቹ ዋነኛው ነበሩ። ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጡት ሕጎች ገዥውን ደመወዝተኛ አደረጉት። የመሬቱም ግብር በገንዘብ ተተመነ፤ ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር፣ ለለም ጠፍ 10 ብር፣ ለጠፍ 5 ብር ተባለ። ምስለኔ የሚለው ስም ግን አልጠፋም፤ የምክትል ወረዳ ገዥ መጠሪያ ሆኖ በመንግሥት መዝገብ ውስጥ ገባ። ድሮ «እንደ እኔ» ይል የነበረው ጌታው ነው፤ አሁን መንግሥት ሆነ።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጥቶ የመጀመሪያው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ሲደረግ፣ ባላባቱ አዲስ አደባባይ አገኘ። ለምርጫ የሚቀርብ ሰው በሚወዳደርበት ወረዳ 1,000 ብር የሚያወጣ መሬት ወይም ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት፣ ይህ ከሌለውም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት እንዲኖረው ያስፈልግ ነበር። እንግሊዞች ተመሳሳዩን ሕግ ከሻሩት ያን ጊዜ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። የፖለቲካ ፓርቲ ስላልነበረ ተወዳዳሪው የሚቀርበው በስሙ፣ በቤተሰቡና በማዕዱ ነው። ገባሩም ድምፅ መስጠት ይችላል፤ ለመመረጥ ግን ንብረቱ አይበቃውም። የመሬት ሥርዓቱን ለማሻሻል የሚቀርበው ሐሳብ በዚያ ምክር ቤት ውስጥ ለምን እየተጓተተ እንደ ኖረ ለመረዳት ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ምክር ቤቱ ደጅ የሄዱትም ስለዚህ ነው። በ1958 ዓ.ም. የጉልት ግብር የመሰብሰብ መብት በዐዋጅ ቀረ፤ ገበሬው ግብሩን በቀጥታ ለመንግሥት እንዲከፍል ታዘዘ። ባለጉልት የነበሩት ብዙዎቹ ግን ቀደም ብለው መሬቱን በስማቸው አስመዝግበው ስለ ነበር፣ ባለጉልትነታቸው ቀርቶ ባለመሬት ሆኑ፤ ገባሩም በሲሶ ወይም በእኩል የሚያርስ ጭሰኛ ሆነ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ሁለቱንም የመሬት ጌቶች አንሥቶ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት አደረገው። ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ይህም የጋሻ ሩብ ያህል ነው። መሬትን መሸጥ፣ ማከራየትና በወለድ አግድ መስጠት ተከለከለ። ሰው ቀጥሮ ማሳረስም የተፈቀደው ለአረጋውያን፣ ለሕሙማን፣ ባል ለሞተባቸው ሴቶችና ዕድሜያቸው ላልደረሰ ልጆች ብቻ ነበር። የጭቃ ሹሙን ሥራ የገበሬዎች ማኅበር ተረከበ፤ የመሬት ክርክርም በማኅበሩ የፍርድ ሸንጎ ይታይ ጀመር። በራሱ እጅ ሊያርስ የፈቀደ ባላባት እንደ ማንኛውም ገበሬ ከማኅበሩ ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። በዚያ ዓመት ክረምት ሲገባ፣ ከማኅበሩ የተረከበውን ማሳ ለማረስ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሞፈር የጨበጠ የባላባት ልጅ በሁዳዱ ድንበር ላይ ቆሞ፣ ትናንት አባቱ ያስገብሩት የነበረውን ጎረቤቱን «ቀንበሩን እንዴት ነው የሚያስሩት?» ብሎ ሳይጠይቅ አልቀረም።